የመጀመሪያዎቹ ሰማንያ ዙሮች፦ የዘይት ማጣሪያ የኋሊት ፍሰትና የቆዩ ስፖርት መኪኖች የማስነሻ ግፊት

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩ አነስተኛ ስፖርት መኪኖች ዛሬ የዕለት መጓጓዣ አይደሉም። አብዛኞቹ ለሳምንታት፣ በቀዝቃዛ አገሮችም ክረምቱን ሙሉ በመጋዘን ቆመው ይከርሙና አንድ ቀን ቁልፍ ይዞርላቸዋል። ሞተሩ ይነሣል፤ የዘይት ግፊት መለኪያው መርፌ ግን ለጥቂት ሰከንዶች ከዜሮ አይነቃነቅም። ከሞተሩ ግርጌም የብረት መንኳኳት ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ መርፌው ወደ ላይ ይወጣል፣ ድምፁም ይጠፋል። ባለቤቱ ሞተሩ ያለቀለት ይመስለዋል፤ መካኒኩ የዘይት ፓምፑን ይጠረጥራል፤ ወዳጅ ደግሞ ወፍራም ዘይት እንዲጨመር ይመክራል። በብዙ አጋጣሚ ግን ጥፋቱ ያለው ከሁሉ በረከሰው ዕቃ፣ በዘይት ማጣሪያው ውስጥ በተቀመጠች ስስ የጎማ ክብ ላይ ነው።

ይህች ክብ ሞተሩ ሲቆም በማጣሪያው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ኋላ፣ በፓምፑ በኩል ወደ ዘይት ገንዳው እንዳይመለስ የምታግድ ናት። በዚህ ጽሑፍ የኋሊት ፍሰት ማገጃ ቫልቭ እንላታለን። የጽሑፉ ዓላማ አዲስ ግኝት ማቅረብ አይደለም። የሚሟገተው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የማስነሻ ግፊት መዘግየት ከፓምፕ መድከም በፊት እንደ ማጣሪያ ጥያቄ ሊታይ ይገባል። ሁለተኛ፣ የቆዩ መኪኖች ማጣሪያ በጥርሱና በጎማው ስፋት ብቻ መመረጡ ሊቆም ይገባል። ሦስተኛ፣ አምራቾች በመመዘኛ ደረጃ ለክተው የሚያውቁትን የቫልቭ ባሕርይ በማሸጊያው ላይ ሊያትሙ ይገባል።

ማጣሪያው እንዴት ባዶ ይሆናል

የመኪና ሞተር ዘይት ማጣሪያ ታሪክ የሚጀምረው ከ1920ዎቹ ነው። ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልግ ፒዩሮሌተር ተብሎ የታወቀውን ማጣሪያ ፓተንት ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1923 ነበር። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የተለመደው አሠራር የብረት ቆርቆሮው ቋሚ፣ በውስጡ ያለው ማጣሪያ ግን ተለዋጭ የሆነበት ነው። ቆይቶ ሙሉው ዕቃ ተፈትቶ የሚጣልበት፣ በጥርስ የሚጠመዘዘው ዓይነት መጣ። ዛሬ በጋራዥ ፊልትሮ ሲባል በአብዛኛው ሰው አእምሮ የሚመጣው ይኸው ሁለተኛው ነው።

በጥርስ በሚጠመዘዘው ማጣሪያ ውስጥ ዘይቱ የሚገባው በክዳኑ ዙሪያ በተደረደሩት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሲሆን፣ በተጣጠፈው ወረቀት ውስጥ አልፎ በመሐከለኛው ባለ ጥርስ ቀዳዳ ወደ ሞተሩ ዋና የዘይት መስመር ይወጣል። ማገጃው ከዙሪያዎቹ ቀዳዳዎች በስተጀርባ የተለጠፈ የጎማ ክብ ነው። ፓምፑ ዘይት ሲገፋ ጎማው ይታጠፍና ያሳልፋል፤ ግፊቱ ሲቆም በራሱ ጉልበት ተመልሶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። አሠራሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ቀላልነቱ ግን ድክመቱንም ይዟል። ጎማው በሙቀት ከደረቀ፣ ጠርዙ ከተቆለመመ ወይም በላዩ ቅርፊት ከተቀመጠ አይገጥምም።

የቫልቩ ፋይዳ ማጣሪያው በሞተሩ ላይ በተገጠመበት አቅጣጫ ይወሰናል። አፉ ወደ ላይ፣ ቂጡ ወደ ታች ሆኖ የተንጠለጠለ ማጣሪያ እንደ ባልዲ ነው፤ ቫልቭ ባይኖረውም አብዛኛው ዘይት በውስጡ ይቀራል። በጎን የተገጠመው ከከፊሉ በላይ ሊያፈስ ይችላል። አፉ ወደ ታች ተደፍቶ የተገጠመው ግን ቫልቩ ካልያዘ እስከ መጨረሻው ይራቆታል።

የብሪታንያው ኤም ጂ ቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ሞተሩም 1798 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ ማጣሪያው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ ከኋለኞቹ በብዙዎቹ ላይ ግን ወደ ላይ ተገልብጦ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ተገጥሟል። ለባለ እጁ ይህ ለውጥ ምቾት ነበረው፤ ለዘይቱ ግን መውጫ በር ከፈተ። በተመሳሳይ ዘመን የተመረተው ትራያምፍ ስፒትፋየር ማጣሪያውን በጎን የተሸከመ ሲሆን፣ ሲነሣ የሚያሰማው መንኳኳት በባለቤቶቹ ዘንድ የታወቀ ነው። ለሁለቱም ሞተሮች የሚገጥም ማጣሪያ በገበያ ላይ ሞልቷል፤ በውስጡ ያለው ቫልቭ ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የጎማዋ ክብ የምትዘጋው የመግቢያውን፣ ማለትም ያልተጣራውን ዘይት በር ብቻ ነው። ዋናው የዘይት መስመር ከማጣሪያው በላይ በሚሆንበት ሞተር ይህ በቂ ነው፤ ምክንያቱም የላይኛው ዘይት በማጣሪያው በኩል ወደ ፓምፑ እንዳይወርድ መንገዱ ተዘግቷል። ማጣሪያው ከመስመሩ በላይ ከሆነ ግን የተጣራው ዘይት በመውጫው በኩል ወደ ቤሪንጎቹ ቀስ እያለ ሊወርድ ይችላል። ይህን ለመከላከል በአንዳንድ ማጣሪያዎች ውስጥ የመሐከሉ ቀዳዳ ወደ ላይ በተዘረጋ ቱቦ ይረዝማል፤ ዘይቱም ከቱቦው ጫፍ በታች ተጠራቅሞ ይቀራል። ስለዚህ «ቫልቭ አለው» የሚለው ቃል ብቻውን መልስ አይሆንም። የትኛውን በር የሚዘጋ ቫልቭ፣ በየትኛው አቅጣጫ በተገጠመ ማጣሪያ ላይ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መለኪያው የሚናገረውና የማይናገረው

የክርክሩ መሠረት እንዲጠራ የዘይት ግፊት በሞተር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቦሻም ታወር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር አክስል ቤሪንጎችን ሲመረምር በቤሪንጉ አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። ዘይቱ በቀዳዳው መውጣት ጀመረ፤ ሊደፍነው ያስገባውንም ውታፍ እየገፋ አስወጣው። የሚሽከረከረው ዘንግ ራሱ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ከፍተኛ ግፊት እንደሚፈጥር በዚህ ታወቀ። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 ባወጣው ጥናት ክስተቱን በሒሳብ አብራራው፤ የዛሬው የቤሪንግ ስሌትም በዚያ ላይ የቆመ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ትምህርት ለርዕሳችን ወሳኝ ነው። የክራንክሻፍቱን ጭነት የሚሸከመው ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት አይደለም። ጭነቱን የሚሸከመው ዘንጉ በመሽከርከሩ የሚፈጠረው የዘይት ሽፋን ነው፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለው ግፊትም ከዳሽቦርዱ ንባብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የፓምፑ ሥራ ሽፋኑ እንዳይጎድልበት ዘይት ማቅረብና ሙቀቱን ማጠብ ነው። ለኤም ጂ ቢ የጥገና መጽሐፉ በሩጫ ላይ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ፣ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ደግሞ ከ10 እስከ 25 ፒኤስአይ ይበቃል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። 15 ፒኤስአይ ብቻውን አንድን ፒስተን እንኳ ሊሸከም አይችልም፤ ነገር ግን ዘይት ማድረሱን ያረጋግጣል።

እንግዲህ መርፌው በዜሮ ላይ መቆየቱ ቤሪንጎቹ ደርቀዋል ማለት አይደለም። በዘንጉና በቤሪንጉ መካከል ያለው ክፍተት የሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ብቻ ስለሆነ፣ ዘይት በዚያ ጠባብ ስፍራ ለረጅም ጊዜ ተጣብቆ ይቆያል። ሞተሩ ሲዞር ይህ ቅሬታ ዘይት ወዲያው ሽፋን ይፈጥራል። አደጋው ያለው ቅሬታው ከጎን እየተጨመቀ ሲወጣ ምትክ ሳይደርስለት ሲቀር ነው። የማስነሻ ጊዜ ጥያቄ ስለዚህ የሽቅድምድም ጥያቄ ነው፦ ያለው ዘይት ከማለቁ በፊት አዲሱ ይደርሳልን?

የሰማንያ ዙር ስሌት

ይህን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለአብነት የተያዙ እንጂ የአንድ ሞዴል ልኬት አይደሉም። በማጣሪያው ውስጥና በአካባቢው ባለው መተላለፊያ የባዶው ቦታ መጠን 0.4 ሊትር ይሁን። ፓምፑ በአንድ የራሱ ዙር 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገፋ፤ በኤም ጂ ቢ ሞተር እንደሚታየውም በካምሻፍቱ ይነዳ፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንዴ ይዙር። ባዶውን ለመሙላት ፓምፑ 40 ጊዜ፣ ክራንክሻፍቱ 80 ጊዜ መዞር አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ዙር ቢነሣ ይህ 4.8 ሰከንድ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አራቱ ሲሊንደሮች በድምሩ 160 ጊዜ ይተኩሳሉ። ማገጃው በሚገባ ይዞ የጎደለው 0.05 ሊትር ብቻ ቢሆን ግን 10 ዙር፣ ከአንድ ሰከንድ በታች የሆነ ጊዜ ይበቃል።

ከዚህ ስሌት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። ዘይቱ እስኪደርስ የሚያልፈው የዙር ብዛት በሞተሩ ፍጥነት አይወሰንም። አሽከርካሪው ግፊቱን ቶሎ ለማምጣት ብሎ ፔዳሉን ረግጦ ሞተሩን በ2500 ዙር ቢያስጮኸው መርፌው ከሁለት ሰከንድ በታች ይነሣል፤ ሆኖም ክራንክሻፍቱ የዞረው ያንኑ 80 ጊዜ ነው። የተለወጠው ጭነቱ ነው። የፒስተኑና የማገናኛ ዘንጉ የግዝፈት ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ከ1000 ወደ 2500 ዙር መዝለል ያንን ኃይል ከ6 እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ሞተሩን በማስጮኽ ጊዜ ተቀነሰ እንጂ ዙር አልተቀነሰም፤ በእያንዳንዱ ዙር የሚደርሰው ምት ግን በረታ። መርፌውን እያዩ መርገጥ ከመጥቀም ይልቅ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

በተቃራኒው ካንዴላዎቹ እንዳይተኩሱ የኮይሉን ሽቦ ነቅሎ በሞተሪኖ ብቻ ማዞር ያንኑ 80 ዙር ያለ ቃጠሎ ጭነት ያሳልፋል። በደቂቃ 200 ዙር ቢዞር ግን 24 ሰከንድ ይፈልጋል። በቀስታ ሲዞር ፓምፑ በራሱ ክፍተቶች የሚያሾልከው ስለሚበዛ በተግባር ከዚህም ይረዝማል። ሞተሪኖውን ሳያሳርፉ ይህን ያህል ማዞር ያቃጥለዋል። በአጭር በአጭሩ እያቆራረጡ ማድረግ ለወራት ለቆመ መኪና ተገቢ ነው፤ ለየሳምንቱ ልማድ ግን አይሆንም። ትክክለኛው መፍትሔ ከመነሻው ባዶውን ማጥበብ ነው።

ችግሩን የሚስቱ መድኃኒቶች

መርፌው ሲዘገይ በብዛት የሚወሰዱ እርምጃዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ወፍራም ዘይት መጨመር ነው። ወፍራም ዘይት በቆመ ሞተር ውስጥ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ እውነት ነው፤ የሞቀ ሞተር ንባብንም ከፍ ያደርጋል። ይሁንና በቂ ጊዜ ካገኘ እርሱም ይወርዳል፤ ለስድስት ሳምንት ለቆመ መኪና ልዩነቱ ከንቱ ነው። በቀዝቃዛ ማለዳ ደግሞ ወፍራሙ ዘይት ወደ ፓምፑ የሚሳበውም ሆነ በጠባብ መስመሮች የሚጓዘው በዝግታ ነው። በዚህ ላይ በማጣሪያው ወረቀት ሁለት ጎን ያለው የግፊት ልዩነት ስለሚሰፋ ማሳለፊያው ቫልቭ ይከፈትና ያልተጣራ ዘይት ወደ ቤሪንጎቹ ይገባል። አንዱን ደዌ ለማስታገስ ሌላ ደዌ መጥራት ይሆናል።

ሁለተኛው የግፊት ማስተንፈሻውን ሞላ በጠንካራ መለወጥ ነው። ማስተንፈሻው የሚሠራው ግፊት ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ብቻ ነው። መርፌው በዜሮ በቆመባቸው ሰከንዶች ውስጥ ቫልቩ ዝግ ነው፤ ሞላው ቢጠነክርም ባይጠነክርም በዚያ ሰዓት ሥራ የለውም። ይህ ለውጥ መለኪያውን ያሳምራል እንጂ የማስነሻውን ክፍተት አይነካም።

ሦስተኛው ፓምፑን መቀየር ነው። ያረጀ ፓምፕ በክፍተቱ ስለሚያሾልክ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፦ ሞተሩ ሲቆም ዘይቱን ወደ ገንዳው ያሳልፋል፤ ሲነሣ ደግሞ በቶሎ አይስብም። ስለዚህ ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፓምፑ የደከመ ሞተር በሞቀበት ሰዓትም በዝቅተኛ ዙር ግፊት ያጣል። ሞቆ ሲሠራ ንባቡ እንደ መጽሐፉ ሆኖ፣ ረጅም ቆይቶ ሲነሣ ብቻ የሚዘገይ ሞተር ፓምፑን ሳይሆን ማጣሪያውን እየከሰሰ ነው። ርካሽ ዕቃ ሳይመረመር ሞተር አውርዶ መፍታት የሙያ ውሳኔ ሊባል አይገባም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይነሣሉ።

አንደኛው፣ ጉዳዩ ተጋንኗል የሚል ነው። እነዚህ ሞተሮች ሃምሳ ዓመት የተነሡትና የቆሙት ከዚሁ መዘግየት ጋር ነው፤ ቤሪንጎቻቸውም ቅሬታ ዘይት አላቸው፤ በዘይት ውስጥ ያሉት የዚንክና የፎስፈረስ ውሕዶችም በብረቱ ገጽ ላይ ተከላካይ ሽፋን ይተዋሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አብዛኛው የሞተር መበላት በማስነሻ ሰዓት ይደርሳል እየተባለ በማስታወቂያ የሚነገረው መቶኛም ያለ ጥንቃቄ ሊደገም አይገባውም፤ ምን ያህል እንደሚበላ በሞተሩ ዓይነት፣ በሙቀቱ፣ በቆይታውና በሚለካው ክፍል ይለያያልና። በማስነሻ ጊዜ ከሚደርሰው ጉዳት የተወሰነውም ከግፊት ጋር ሳይሆን ከቅዝቃዜና ካልተቃጠለ ነዳጅ ጋር የተያያዘ ነው።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል፤ የአጠቃቀሙ ሁኔታ ተለውጧል። ኤም ጂ ቢ በዘመኑ የሥራ መኪና ነበር፤ ማታ ቆሞ ጧት ይነሣል። በዚያ አጭር ቆይታ የላላ ቫልቭ እንኳ ማጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ላያራቁት ይችላል። ዛሬ ያው መኪና በዓመት የሚነሣው ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ እያንዳንዱ መነሣት ከሳምንታት ቆይታ በኋላ ነው። ማጣሪያውም በኪሎ ሜትር ስለሚቆጠር ለዓመታት ሳይለወጥ ይቀራል፤ ጎማው በዚያው ይደርቃል። ትናንት ችግር ያልነበረው ነገር ዛሬ ችግር የሚሆንበት መንገድ ይህ ነው። ምትክ ቤሪንግና ክራንክሻፍት እንደ ቀድሞው በየሱቁ በማይገኝበት ዘመን ደግሞ «ብዙ አይጎዳም» የሚለው መልስ ዋጋው ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ቫልቩ ብቸኛው መፍሰሻ አይደለም የሚል ነው። ይህም ትክክል ነው። ዘይት በዋና መስመሩ፣ በቤሪንጎቹ ጎንና በፓምፑ በኩል ይወርዳል። ማጣሪያ ፈጽሞ የማይመለከተው መፍሰስም አለ። በአየር የሚቀዘቅዘው ፖርሽ 911 ዘይቱን የሚያኖረው ከሞተሩ ውጭ በተለየ ጋን ነው፤ ረጅም ጊዜ ሲቆም ከጋኑ ወደ ሞተሩ ግርጌ ሰርጎ ይገኛል፣ ሲነሣም ሊያጨስ ይችላል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ያለ መፍቻና ያለ ትልቅ ወጪ ሊቆጣጠረው የሚችለው መፍሰሻ ማጣሪያው ነው። ከቀላሉ መጀመር ሌሎቹን መካድ አይደለም።

ምን ሊደረግ ይገባል

ከሁሉ በፊት ማሸጊያው ይናገር። ሙሉ ዘይት የሚያልፍባቸው የሞተር ማጣሪያዎች የሚፈተኑበት አይ ኤስ ኦ 4548 የተሰኘ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ከክፍሎቹም ዘጠነኛው የመግቢያና የመውጫ ማገጃ ቫልቮችን ፍተሻ የሚመለከት ነው። እንግዲህ የሚለካበት ዘዴ ተጽፎ ተቀምጧል። ገዢው በሱቅ የሚያገኘው መረጃ ግን ብዙውን ጊዜ የሞዴል ዝርዝርና የክፍል ቁጥር ነው። «ይገጥማል» የሚለው ቃል የጥርሱንና የጎማውን ልክ እንጂ የዘይቱን ዕጣ አይነግርም። በማሸጊያው ላይ አራት መስመር ቢታተም በቂ ነው፦ የመግቢያ ማገጃ መኖር አለመኖሩ፤ የተሠራበት ጎማ ዓይነት፤ የትኛው የአገጣጠም አቅጣጫ እንደሚስማማው፤ ማሳለፊያው ቫልቭ የሚከፈትበት ግፊት። የመጨረሻው የተጨመረው በአንዳንድ ሞተሮች ማሳለፊያው በራሱ በማጣሪያው ውስጥ፣ በሌሎች ግን በሞተሩ አካል ላይ ስለሚገኝ ነው።

የጎማው ዓይነት በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ለማገጃው በብዛት የሚውሉት ናይትራይልና ሲሊኮን ናቸው። ናይትራይል ርካሽ ነው፣ ዘይትንም ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ ግን ይደርቃል። ሲሊኮን በሙቀትም በቅዝቃዜም ልስላሴውን በተሻለ ይጠብቃል። ለዓመት ሙሉ ሳይለወጥ በሚቆይ ማጣሪያ ላይ የዋጋው ልዩነት ከጥቅሙ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ቀለምን ማመን ግን አይበቃም፤ ሲሊኮን ብዙ ጊዜ ቀላ ያለ፣ ናይትራይል ጥቁር ቢሆንም ቀለም በፋብሪካ የሚመረጥ ነገር ነው።

ቀጥሎ ልኬት ይምጣ። ባለቤትም ሆነ ተማሪ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ አለ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ይጥፋ፤ ለ12 ሰዓት ይቁም፤ ሳይረገጥ ይነሣ፤ ሞተሩ ከተነሣበት ቅጽበት መርፌው እስከሚነቃነቅበት ያለው ጊዜ በሰከንድ ይመዝገብ። ይህ ለአምስት ቀን ይደገም። ከዚያ ዘይቱ ሳይለወጥ ማጣሪያው ብቻ ተቀይሮ ያው አምስት ቀን ይደገም። አዲሱ ማጣሪያ ከመገጠሙ በፊት በዘይት ተሞልቶ ከሆነ፣ ወይም ባዶውን ተገጥሞ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ማስነሣት ከቁጥር ይውጣ። በዘይት ቱቦ የሚሠራው መለኪያ ግፊቱን በቀጥታ ሲያሳይ፣ አንዳንድ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች በራሳቸው ይዘገያሉና የመለኪያው ዓይነት አብሮ ይጻፍ። በመጨረሻ የወጣው ማጣሪያ ተቆርጦ ጎማው በጣት ይፈተሽ። ይህን ያህል ሥራ የአንድ ፓምፕ መግዣ ሊያድን ይችላል።

ሦስተኛው ምክር የድሮውን ባለ ተለዋጭ ወረቀት ማጣሪያ በጥርስ በሚጠመዘዘው ለሚተኩ ባለቤቶች ነው። መተኪያው ለንጽሕናና ለፍጥነት ይመረጣል፤ የሚመረጠው ግን የማጣሪያውን አቅጣጫም ጭምር ነው። ቦታው ከፈቀደ አፉን ወደ ላይ አድርጎ የሚያንጠለጥለው መተኪያ ከቫልቭ ሁሉ ይሻላል፤ የመሬት ስበት አይደርቅም፣ አይቆለመምምና።

ከስፖርት መኪና ባሻገር

ጉዳዩ የጥቂት አሮጌ መኪና ወዳጆች ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ረጅም ቆሞ በድንገት የሚነሣ ሞተር ግን በዙሪያችን አለ። መብራት ሲጠፋ በሆስፒታልና በሕንፃ ግቢ የሚነሣው ተጠባባቂ ጄኔሬተር ለቀናት ይቆማል፤ ሲነሣም ከሰከንዶች በኋላ ሙሉ ጭነት ይወድቅበታል። የትልልቆቹ ጄኔሬተሮች አምራቾች ከመነሣቱ በፊት ዘይት የሚያሠራጭ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚጨምሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። የትንንሾቹ ተስፋ ግን ያችው የጎማ ክብ ናት። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን የምናውቃት ቮልስዋገን ቢትል በፋብሪካ ስትሠራ ወንፊት እንጂ ተለዋጭ የዘይት ማጣሪያ የላትም፤ ስለዚህ ይህ ችግር አያውቃትም። ማጣሪያ የተጨመረላት ግን ጥያቄውንም አብራ ትወርሳለች።

ለቴክኒክ ትምህርትም የሚተርፍ ነገር አለ። በማስተማሪያ ክፍሎች የዘይት ግፊት በአብዛኛው የሚማሩት እንደ ቋሚ ቁጥር ነው፦ ሞቆ ሲሠራ ይህን ያህል፣ በቀስታ ሲዞር ያን ያህል። የመሸጋገሪያው ጊዜ፣ ማለትም ከዜሮ ወደዚያ ቁጥር የሚወስደው መንገድ፣ እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። የኋሊት ፍሰት ፍተሻ ርካሽ፣ አደጋ የሌለውና በአንድ የትምህርት ወቅት የሚጠናቀቅ የተማሪ ጥናት ሊሆን ይችላል። ተማሪውን ከቁጥር ይልቅ ጊዜን እንዲያነብ ያስተምረዋል።

ማጠቃለያ

የቆየ ስፖርት መኪና ሲነሣ የሚታየው የግፊት መዘግየት በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው በማጣሪያው ዘንድ ነው። መለኪያው ዜሮ ማሳየቱ ቤሪንጎቹ ደርቀዋል ማለት ባይሆንም፣ ያላቸው ቅሬታ ዘይት የሚወስንላቸው ዙር እንዳለና ያ ዙር በከንቱ እንዳይረዝም ማድረግ እንደሚቻል ከላይ ታይቷል። ወፍራም ዘይትና ጠንካራ ሞላ መርፌውን ያስደስቱታል፤ የማስነሻውን ክፍተት ግን አይሞሉም። የሚሞላው በትክክለኛው አቅጣጫ የተገጠመ፣ የሚይዝ ቫልቭ ያለው፣ በዓመቱ የሚለወጥ ማጣሪያ ነው።

ለባለቤቶችና ለመካኒኮች የሚቀርበው ጥሪ ሞተር ከመፍታታቸው በፊት ሰዓት ይዘው እንዲለኩ ነው። ለአምራቾችና ለአስመጪዎች የሚቀርበው ደግሞ በቤተ ሙከራ የሚያውቁትን በማሸጊያው ላይ እንዲጽፉት ነው። ገዢው ዕቃውን ከመግጠሙ በፊት ማወቅ የሚገባውን ቆርቆሮውን በመጋዝ ቆርጦ እንዲያገኘው መተው ተገቢ አይደለም።